አባቴን ከጣራ ላይ የጠራሁ ቀን

አባቴ ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም እህል ሊያመጣ ከወጣ በኋላ ክረምት ገብቶ ወጣ፤ ሌላ ክረምትም ገብቶ ወጣ። እናቴ ግን ሞቷልም አትል፣ አለም አትል። ያሳበደኝ ይኼ ነው። ሞቷል ብትል አልቅሰን፣ ፀጉራችንን ተላጭተን፣ ጥቁር ለብሰን እንደ ሰው እንቀመጣለን። አለ ብትልም እንደ ሌላው እንጠብቃለን። እሷ ሁለቱንም በአንድ ቀን ታደርገዋለች። ጠዋት የክት ኮቱን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ ሲመጣ ብል በልቶት እንዳያገኘው። ከሰዓት በኋላ እዚያው ኮት ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች።

ከምንቆረጥማት ቆሎ ላይ ደግሞ የእሱን ድርሻ በጣሳ ለብቻ ታስቀምጣለች፤ አመሻሹ ላይ በደጃችን ለሚያልፍ ለአንዱ ርሃብተኛ ትሰጠዋለች። «ሞቶ እንደሆነ ለነፍሱ፣ ካለም ለመንገዱ» ትላለች። «የእኛስ ነፍስ?» ብላት «አንቺማ አለሽ» አለችኝ።

አባቴ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ጨው ነጋዴ ነበር። በድርቁ ዓመት እህል ከገበያው ጠፍቶ ሰው ጨው ይዞ ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ጨው አይበላ። ወዲያ ማዶ ጎጃም እህል አለ፣ ጨውም ይፈለጋል ተባለ። ጨው የሚጭንባት በቅሎ ግን ከሳር ቅጠል ተለይታ መንገድ የማትችል ሆና ነበር፤ ስለዚህ በጓሮ በኩል የቤታችንን ክዳን ሣር እየመዘዝን አበላናት። ይህን ያደረግነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ በዚያ ዓመት የስንቱ ሰው ጣራ በከብቱ ሆድ ገብቷል። ትንሽ ስትበረታ ጨውን ጫነና ከሁለት የገበያ ጓደኞቹ ጋር በወግዲ በኩል ወደ ዓባይ ወረደ።

ጓደኞቹ ውኃው ሲጎድል እህላቸውን ይዘው ተመለሱ። እሱ የለም። «እኛ ቀድመን ተሻገርን። የእሱ በቅሎ ውኃ አልገባም ብላ ወደ ኋላ አስቀረችው፤ ከዚያ ወንዙ ሞላ» አሉ። ሲሰምጥ ያየ የለም። ሲሻገር ያየም የለም። በቅሎዋንም ያየ የለም። ያቺ በቅሎ ጣራችንን ያህል ነገር በልታ ስታበቃ ውኃ ፈራሁ ማለቷ ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

ታላቅ እህቴ ደሴ ትኖራለች። ባሏ ሹፌር ስለነበር ከቤታቸው ዳቦ አይጠፋም። «እማዬን ይዘሽ ነይ» እያለች ባገኘችው መንገደኛ ሁሉ ትልካለች። እኔ ትምህርቴ ተቋርጦ ቤት የተቀመጥኩ ኮረዳ ነበርኩ፤ የደሴን ዳቦ በሕልሜ እየገመጥኩ ነው የምነቃው። እናቴ ግን ወይ ፍንክች!

«ፍትሐት ሳይደገምለት ቤቱን ዘግቼ ልሂድ? ነፍሱ መጥታ በሩ ተቆልፎ ብታገኘውስ?»

«ነፍስን ቁልፍ ይይዛታል እንዴ?»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ። የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ ነው።»

የባሰ የሚባለው ምን እንደሆነ ልጠይቃት አስቤ ተውኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የአባቴ ፍትሐት ካልተደገመ እሷ ከዚያ ቤት ንቅንቅ አትልም፣ ካልተነቃነቀች ደግሞ ዓይኔ እያየ ታልቃለች። አንገቷ ቀጥኖ ማተቧ እስከ ሆዷ መውረድ ጀምሮ ነበር።

የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድን። ርሃቡ ቄሱንም አልማራቸውም፣ ጥምጥማቸው ከፊታቸው ገዝፎ ይታይ ነበር። ክርክር ግን አልደከማቸውም።

«ለሕያው ሰው ፍትሐት አይደገምም» አሉ።

«አባ፣ ሕያው ቢሆን አይመጣም ነበር?» አለች እናቴ።

«መሞቱን ያየ ምስክር አምጪ።»

«ዓባይ ነዋ ያየው!»

«ዓባይ አይመሰክርም። ደግሞስ እሺ ልበልሽ፤ አርባውን ከየትኛው ቀን ጀምሬ ልቁጠረው? ሙት ዓመቱን መቼ ልበለው?»

እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጎተተች። እኔ ግን ብዙ መልስ ነበረኝ፣ ሁሉም ለቄስ የሚነገር አልነበረም እንጂ። ሰው በየመንገዱ እየረገፈ እሳቸው የሚጨነቁት ቀን ለመቁጠር!

ጎረቤታችን የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናት፣ እስላም ናት። ስናዝን አይታ መጣችና «ወላሂ እህቴ፣ በውኃ የሞተ ሸሂድ ነው፣ ሰማዕት። የቀብር ጥያቄው ይቀልለታል። አብሽሪ» አለቻት። እናቴ ያን ቀን በደንብ ተጽናናች፣ በላችም። በማግስቱ ግን «ግን እኮ ይህ የእነሱ ነው፣ የእኛዎቹ እንዲህ አይሉም» ብላ ወደ ኮቱ ተመለሰች። ከድጡ ወደ ማጡ እየተመላለስን ነው የከረምነው።

በዚህ መሀል ዘማቾች መጡ። ንጉሡ ወርደዋል፣ መሬት ላራሹ ታውጇል፣ ተማሪው ሁሉ ገበሬውን አንቃ ተብሎ ተልኳል። ከመጡት አንዱ መነጽር ያደረገ ቀጭን የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነበር፤ ቻይና የሚለውን ቃል ሳያስገባ ውኃ እንኳ አይለምንም። አንድ ቀን ሕዝቡን ከዛፍ ሥር ሰብስቦ ስለ ተዝካር ይወቅሰን ጀመር። ተዝካር ድኻውን ያራቁታልና ይቁም ይላል። በዚያ ዓመት ተዝካር ይቁም ማለት መላጣን ፀጉርህን አታጎፍር እንደማለት ነው። ማን ምን ኖሮት ይደግሳል?

«ቻይናዎችም ድሮ እንደናንተ ነበሩ» አለ። «ታኦ የሚባል የጥንት እምነት ነበራቸው። እንደሱ ከሆነ ሰው ያለው አንድ ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ቀላልና ከባድ ነፍሶች አሉት። ቀላሎቹ ሦስት ናቸው፣ ሲሞት ወደ ላይ ይወጣሉ። ከባዶቹ ሰባት ናቸው፣ ከአጥንቱ ጋር አፈር ይገባሉ። ሞት ማለትም ውኃ ወደ ውኃ እንደሚመለስ ከመጡበት መመለስ ነው ይላሉ።»

«ለእኔ ነው እንዴ ይኼን የሚለው?» አለችኝ እናቴ ጎኔን ጎሽማ። «ባሌን ውኃ እንደበላብኝ ማን ነገረው?»

እኔም ተናድጃለሁ። እኛ አንዲት ነፍስ ማሳረፍ አቅቶን ፍዳችንን እናያለን፣ እሱ አሥር ነፍስ ይዞብን መጣ።

«ሰው ሲሞት» ቀጠለ ዘማቹ፣ «ከቤተሰቡ አንዱ የሟቹን ልብስ ይዞ ጣራ ላይ ይወጣ ነበር። ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ በስሙ እየጠራ ሦስት ጊዜ ተመለስ ይለዋል። ነፍሱ ከሰማች ትመለሳለች። ካልተመለሰች ግን መሞቱ ተረጋገጠ፤ ያን ጊዜ ይለቀሳል፣ ይቀበራል። አያችሁ ከንቱነቱን? አብዮቱ ይህን ሁሉ ጠራርጎ ጣለው!»

ሰው አጨበጨበ። እናቴ አላጨበጨበችም። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሰማችው፤ ካልተመለሰች መሞቱ ተረጋገጠ።

ስብሰባው እንዳለቀ ልጁን በእጅጌው ያዘችው።

«ልጄ፣ ልብሱ የታጠበ ነው ያልታጠበ?»

«የቱ ልብስ፣ እማማ?»

«ጣራ ላይ የሚወጣው። ሴት ልጅ ብትጠራስ ይሰማል?»

ዘማቹ መነጽሩን አወለቀ። «እማማ፣ እኔ እኮ የነገርኳችሁ እንድትተዉት ነው።»

«እኛ መቼ ጀመርነውና እንተወዋለን?» አለችው።

ቤት ደርሰን እስከ እሑድ ድረስ እንደ ጉድ ተጨቃጨቅን። ኃጢአት ነው አልኳት። «መጥራት ምን ኃጢአት አለው? አንቺስ በልጅነትሽ ስትጠፊ ስንቴ ጠርቼሻለሁ?» አለች። የሰው መሳቂያ እንሆናለን አልኳት። «የሚስቅ ጉልበት ያለው ሰው ካለ ይሳቅ» አለች። እኔ አልወጣም፣ ምን ቆርጦኝ አልኳት። ወደ ጓሮ ሄደችና መሰላሉን በዚያ በመነመነ ክንዷ መጎተት ጀመረች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እናቴ ሞኝ አልነበረችም፣ አያያዟ ግን ያው ነው። መሰላሉን ነጥቄ ወጣሁ።

እሑድ ረፋድ ነበር። ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስበት ሰዓት! ሌላ ሰዓት የጠፋ ይመስል። የአባቴን ኮት በትከሻዬ ጥዬ ክዳኑ ላይ ስደርስ፣ በቅሎዋ በበላችው በኩል አንድ እግሬ እስከ ጭኔ ገባና ጥላሸቱ ሁሉ ወደ ቤት ውስጥ ረገፈ። መንገደኛው ቆመ። አጥሩ ጋ ሰው ተሰበሰበ።

«ወደ ሰሜን ዙሪ!» ትጮኻለች እናቴ ከታች።

«ሰሜን የት ነው?»

አንዱ ወዲያ ነው አለ፣ አንዱ ወዲህ። ጎረቤታችን ደጃፏ ላይ ቆማ «ወደ ቂብላ! ወደ ቂብላ ዙሪ፣ እኛ የምንሰግድበት እሱ ነው!» ብላ ጮኸች። ዞርኩ። አባቴ የቀረበትን ወንዝ ጀርባዬን ሰጥቼው ማለት ነው። እኔ ምን አገባኝ፣ የቻይና ነገር።

አባቴን በስሙ ጠርቼው አላውቅም፣ ነውር ነው። የመጀመሪያውን ሳልወድ በግዴ ጠራሁ፣ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝ። «ይኼ ሹክሹክታ ነው፣ ጮክ በይ!» አለች እናቴ። ሁለተኛውን በንዴት ጮህኩት። እሷ ላይ፣ ዘማቹ ላይ፣ ቄሱ ላይ፣ በቅሎዋ ላይ ያለኝን ንዴት ሁሉ ጨምሬ ጮህኩት። ሦስተኛው ላይ ንዴቴ አለቀብኝ። ኮቱ ከአንገቴ ሥር የእሱን ላብ ይሸታል፣ ስሙን ስጠራው ድምፄ ተሰነጠቀ፣ «ተመለስ!» የሚለው ቃል ከልመና ጋር ወጣ። አባቴ ናፍቆኝ ነበር። እናቴን በመናደድ ተይዤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለመናፈቅ ጊዜ አልነበረኝም።

ከአጥሩ ውጪ «አቤት!» የሚል የወንድ ድምፅ መጣ።

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየ። እናቴ መሰላሉን ይዛ ቁጢጥ አለች።

አባቴ አልነበረም። ከጣራው ላይ ወዲያው አየሁት፤ ረጅም ነው፣ አባቴ አጭር። በበትር ተደግፎ፣ የተቦጫጨቀ ጋቢ ለብሶ፣ ሰው መሀል ቆሟል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። እናቴም እንዳልሆነ አውቃለች። ቀስ ብላ ተነስታ ሄደችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አቤት ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስምህ ማን ነው?»

«የጠራችሁኝ» አላት።

«ውሸቱን ነው!» አልኩ ከላይ። የተጠራውን ሁሉ አቤት እያለ የሚዞር ሰው መሆኑ ከፊቱ ይነበባል። ርሃብ ያስተማረው ብልሃት ነው፤ ሰው የሚጠራው ሊሰጥ እንጂ ሊቀበል አይደለማ። አገርህ የት ነው ብትለው በእጁ ወደ ከላላ በኩል አመለከተ፣ ወይም እጁን ማንሳት ደክሞት ጣለው። እናቴ «ግባ» አለችው። የአባቴ መደብ ላይ አስቀመጠችው፣ የአባቴን ድርሻ ሰጠችው።

ሲበላ «አልሃምዱሊላህ» አለ። ይህ ምንም ማለት አይደለም፣ እኛ አገር ክርስቲያኑም ይለዋል። አንገቱ ላይ ማተብ የለም። ይህም ምንም ማለት አይደለም፣ በዚያ ዘመን ስንቱ ነገር ተበጥሶ ወድቋል። ሲተኛ በስመ አብ ያለ መሰለኝ፣ ጎረቤታችን ደግሞ ቢስሚላህ ነው ያለው ብላ ትምላለች። እሱን ብንጠይቀው ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል። ከዚያ በኋላ መንገድ አልቀጠለም። እናቴ አጥሚት እያጠጣችው፣ የእኔንም ድርሻ ጭምር እየጨመረችለት፣ ሳምንት ሳይሞላው አንድ ረፋድ ላይ ከእጇ ላይ ጣሳው ሳይነሳ ሞተ።

እንግዲህ አስከሬን በእጃችን መጣ። ዘማቹ መጥቶ አየውና «ይኼ ሰው ርሃብ ነው የገደለው» አለ፤ ከመጣ ጀምሮ ከተናገረው ትክክለኛው ይኼ ነበር። ከዚያ አካፋ ተቀብሎ ሲቆፍር ዋለ። ቄሱም ተጠሩ። ሬሳው ተገንዞ ፊታቸው ተቀመጠ። ደንቡ ነውና ፍትሐቱን ከመጀመራቸው በፊት ጠየቁ።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

እናቴ ዓይኗን ሳታሽ የአባቴን የክርስትና ስም ጠራች።

ቄሱ እኮ የአባቴ የነፍስ አባት ናቸው! ያንን ስም ከእናቴ ቀጥሎ የሚያውቀው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። እናቴን አዩዋት። ሬሳውን አዩት። አሁን ይቆጧታል፣ አሁን ጥለው ይሄዳሉ ስል፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ነፍሰ ገብርከ» ብለው ያንኑ ስም ጠርተው ቀጠሉ።

ያን ጊዜ እናቴ ጮኸች። ዓመት ሙሉ ኮት ላይ ስታንጠባጥበው የነበረው ሁሉ በአንዴ ወጣ። ደረቷን እየደቃች፣ አባቴን በስሙ፣ በሙያው፣ በጠባዩ እያነሳች አለቀሰችው። የአገሩ ሰው አጅቧት አለቀሰ። የማን ሬሳ እንደሆነ የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔም አለቀስኩ፣ እየተናደድኩ ነው ያለቀስኩት።

ከቀብር ስንመለስ ቄሱን ከኋላ ሮጬ ደረስኩባቸው።

«አባ፣ ይኼ የሚቻል ከነበረ ዓመት ሙሉ ለምን አስለፉን?»

«ያኔ ስም ብቻ ነበር። ዛሬ አስከሬን አለ።»

«አስከሬኑ የሌላ ሰው ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ፍትሐቱ የማን ሆነ? የስሙ ነው የሬሳው?»

«አከፋፋዩ እኔ አይደለሁም» አሉና በትራቸውን እየተመረኮዙ ሄዱ። ከቄስ ጋር መከራከር እንዲህ ነው፣ መልስ የሚሰጡህ እየሄዱ ነው።

እናቴ ተላጨች፣ ጥቁር ለበሰች። አርባው የሚቆጠርበት ቀን ተገኘ። ቀኑ ሲደርስም በዚያ ሰሞን በመኪና ከመጣው የዕርዳታ ስንዴ ቆልታ፣ ደጃችን ላገኘችው ርሃብተኛ ሁሉ ዘግና ዘግና ሰጠች፤ ያ ነው ተዝካሩ። ድርሻ ማስቀመጧንም ተወች። እኔ ጓዝ መቋጠር ጀመርኩ። እህል አራግፎ ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና እስከ ወረኢሉ ሊያደርሰን ተስማምቷል፣ ከዚያ ወደ ደሴ አውቶቡስ አለ። እሰይ ተገላገልን አልኩ።

«ሰውየውስ?» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ስሙን ቀማሁት እኮ። በባሌ ስም ሸኘሁት። የራሱ ስም ሳይጠራ ቀረ፣ ወገኖቹም እንደኔ ተቀምጠው ይጠብቁታል።»

ጭንቅላቴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ነገሩን የፈታችው ጎረቤታችን ናት። «አብሽሪ፣ እኛ ዱዓ እናደርግለታለን። እስላም ከሆነ ወንድማችን ነው፣ ካልሆነም አላህ የማን እንደሆነ አይጠፋውም» አለች። ሽማግሌዎች ጠርታ ከቤቷ ዱዓ ተደረገ፣ እናቴም ከበር ላይ ቆማ አሚን አለች። አንድ የማናውቀው ሰው በክርስቲያንም በእስላምም ተሸኝቶ፣ ያውም በቻይና ደንብ ተጠርቶ መጥቶ! አባቴ ግን አሁንም የት እንዳለ አናውቅም። ይህን ጮክ ብዬ ልናገረው ፈልጌ የጓዙን ገመድ ሳጠብቅ ዋልኩ።

መኪናው ላይ ባዶ ጆንያ አነጠፍኩላት። ጎን ለጎን ተቀምጠን ከተማውን ለቀን ወጣን። ብዙውን መንገድ ዓይኗን ጨፍና ሄደች፤ አለቀላት፣ ዐረፈች ብዬ ደስ አለኝ።

«ጎጃምም ይኼው ነው የሚሆነው» አለች በድንገት።

«ምኑ?»

«ወንዝ ዳር ሰው ወድቆ ያገኙ እንደሆነ። እዚያም ባሏ የቀረባት ሴት አትጠፋም።» ነጠላዋን ሰበሰበች። «የባሏን ስም ሰጥታ ለአባትሽ ፍትሐት አስደግማለት ይሆናል። እኔ ለዚያ ሰውዬ እንዳለቀስኩት አድርጋ ካለቀሰችለት፣ ይበቃኛል።»

እናቴ ለተናገረችው ሁሉ አፌ ላይ መልስ አላጣም ነበር። ያን ቀን እስከ ወረኢሉ ድረስ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። እጇን ያዝኩት፣ እሷም አልከለከለችኝም።